ስምንት ወር በጠፈር ጣቢያ፦ የገዛሁት ጥሩር አስወጣኝ፣ በነፃ ያገኘሁት ቱታ አስገባኝ

ስለ አንድ ልብስ ልጽፍ ነው። በእጄ ነክቼው የማላውቀው፣ ሰከንድ ላይፍ በሚባለው ምናባዊ ዓለም ውስጥ ብቻ የሚለበስ ልብስ ነው። የጠፈር ወታደር ጥሩር። ከራስ ቁሩ እስከ ጫማው ሙሉ ነው። ደረቱ ላይ ሰማያዊ መብራት አለው፣ ሲራመዱበት የብረት ድምፅ ያሰማል። ከገዛሁት ስምንት ወር ሆነኝ። የሳይንስ ልብ ወለድ ሮል ፕሌይ ልጀምር ብዬ መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር እሱን መግዛት ነበር። ዛሬም ሳስበው ያበሽቀኛል።

ሰከንድ ላይፍን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ፦ ሊንደን ላብ የሚባል ኩባንያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 ለሕዝብ የከፈተው ዓለም ነው። ቪወር የሚባል ፕሮግራም ታወርዳላችሁ፣ አካውንት ትከፍታላችሁ፣ አቫታራችሁን ይዛችሁ ትገባላችሁ። መግባቱ ነፃ ነው። የሚታለፍ ደረጃ የለም፣ የሚሸነፍ ጠላት የለም። መሬቱ በየጎኑ 256 ሜትር በሆኑ ሪጅኖች ተከፋፍሏል። ሪጅኑን የያዘው ሰው የፈለገውን ይሠራበታል። አንዱ ጭፈራ ቤት ያደርገዋል፣ ሌላው የማርስ ሰፈር። እኔን የሳበኝ የኋለኛው ነው። ሮል ፕሌይ ማለት እዚያ ሰፈር ውስጥ ገጸ ባህሪ ሆኖ መኖር ነው። አብራሪ ትሆናላችሁ፣ ሐኪም ትሆናላችሁ፣ ከሌሎች ጋር ታሪኩን እየጻፋችሁ ትሄዳላችሁ። አዎ፣ እየጻፋችሁ። ነገሩ ሁሉ የሚሆነው ቻት ላይ ነው።

ይህ የመጨረሻው ነገር ያኔ አልገባኝም። ወታደር የሚያደርገኝ ልብሱ መሰለኝ።

ገበያው ውስጥ ስዞር ቆይቼ ጥሩሩን አገኘሁት። ዲሞውን፣ ማለትም ከመግዛት በፊት የሚሞከረውን ናሙና፣ ለበስኩት። ልክክ አለብኝ። ገዛሁት። በዚያው ምሽት ስሙን ስሰማ ወደቆየሁት የጠፈር ጣቢያ ሄድኩ። መግቢያው ጠባብ ክፍል ነው። ወፍራም የብረት በር፣ ግድግዳው ላይ የጣቢያውን ሕግ በኖትካርድ፣ ማለትም በጽሑፍ ማስታወሻ፣ የሚሰጥ ሰሌዳ፣ ጥግ ላይ አንድ ካርቶን። ኖትካርዱን ሳልከፍት በሩን አልፌ ገባሁ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላኝ ከአስተዳዳሪዎቹ አንዷ በግል መልእክት መጣችብኝ። «ሰላም፣ እንኳን ደህና መጡ። ይቅርታ ያድርጉልኝና የለበሱት ነገር ውስጥ 48 ስክሪፕት አለ። አሁን እዚህ ሠላሳ ሰው ነው ያለው፣ ሁሉም ነገር እየተንቀራፈፈብን ነው። ቢያወልቁት?»

አወለቅኩት። ከሥሩ የነበረኝ የጀማሪ ሸሚዝና ሱሪ ነው። ያ ሁሉ ሰው የጠፈር ልብሱን ለብሶ በቆመበት እንደዚያ ሆኜ መቆየት አልቻልኩም። ወጣሁ።

ስክሪፕት ዕቃው ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ ፕሮግራም ነው። መብራቱን የሚያበራው፣ ድምፁን የሚያሰማው እሱ ነው። ግን የሚሠራው በእናንተ ኮምፒውተር ላይ አይደለም፤ ሪጅኑን በሚያንቀሳቅሰው ሰርቨር ላይ ነው። ሰርቨሩ በሰከንድ 45 ዙር ይዞራል። ለአንዱ ዙር ያለው ጊዜ 22 ሚሊሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። በዚያች ቅጽበት የሁሉንም ሰው እርምጃ፣ የሁሉንም በር፣ የሁሉንም ልብስ ስክሪፕት ማዳረስ አለበት። ካልደረሰለት በር ዘግይቶ ይከፈታል፣ ሰው በተራመደ በሁለት ሰከንዱ ወደ ኋላ ይመለሳል። የአሁኑ ዓይነት አንድ ስክሪፕት እስከ 64 ኪሎባይት ማህደረ ትውስታ እንዲይዝ ይፈቀድለታል። 48 ጊዜ 64፣ 3,072 ኪሎባይት። ድፍን 3 ሜጋባይት፣ ለአንድ ሰው ልብስ! ሁሉም ጣሪያውን ይነካል ማለት አይደለም፣ ግን የሚቆጠርባችሁ ጣሪያው ነው። ከሪጅን ወደ ሪጅን ስትሻገሩም ያ ሁሉ ተጠቅልሎ አብሯችሁ ይሄዳል። ገና እግራችሁ ሳይረግጥ ቦታውን ታንገዳግዱታላችሁ ማለት ነው።

48ቱ ምን እንደሚሠሩ በኋላ አጣራሁ። አንዱ መብራቱን ነው። አንዱ የእርምጃውን ድምፅ። የቀሩት 46ቱ የመጠን ማስተካከያ ናቸው። በትከሻው አንድ፣ በክርኑ አንድ፣ በጣቶቹ መሸፈኛ ሳይቀር አንድ አንድ። ልኬን አንዴ ካስተካከልኩ ወዲያ አንዳቸውም ሥራ የላቸውም። ግን አሉ። ደህና ሻጭ «ስክሪፕቱን አጥፋ» የሚል ምርጫ ያስቀምጣል። አንድ ክሊክ፣ አለቀ። የእኔው ሻጭ አላስቀመጠም። ራሴ እንዳልነቅላቸው ደግሞ ዕቃው ኖ ሞድ ነው፤ ገዢው ውስጡን መንካት አይችልም።

ሻጩ ይህን ቢያነብ የሚለኝን አውቃለሁ። «ዲሞ ሰጥቼሃለሁ፣ ሞክረህ ነው የገዛኸው» ይለኛል። ሞክሬያለሁ፣ እውነት ነው። ግን የሰጠኸኝ ዲሞ ውስጥ ስክሪፕቶቹ የሉም። መልኩን አሳይተህ ሸክሙን ደበቅከኝ። «ኖ ሞድ መሆኑ ተጽፏል» ይለኛል። አዎ፣ ተጽፏል፤ ከፎቶዎቹ ሁሉ ሥር፣ በአንድ ቃል። ትናንት አካውንት የከፈተ ሰው የዚያን ቃል ትርጉም በምን ያውቃል? «እንግዲያው ለፈለገ ሰው ስጠው» ትለኝ ይሆናል። አልችልማ! ትራንስፈርም የለውም። አይሸጥ፣ አይሰጥ፣ አይስተካከል። የእኔ የሆነው ምኑ ነው?

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ስክሪፕቱ አይደለም። ጥሩሩን የሚፈቅድ ሌላ ሪጅን ፈልጌ አግኝቼ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ እየለበስኩ ተመላለስኩ። ምንም አልሆነም። ምንም። ኮሪደር ላይ እቆማለሁ፣ ሰዎች ያልፉኛል። ሁለት ሰዎች ስለጠፋ ጭነት ይጨቃጨቃሉ፣ እኔ አጠገባቸው እንደ ሐውልት ተገትሬያለሁ። ፊቱ የተሸፈነ፣ መሣሪያ የያዘ፣ ማንም የማያውቀው ሰው ምን ተብሎ ይጠየቃል? አንድ ቀን አንዱ ቀረብ ብሎ «ማነው የላከህ?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ስለ ልብሱ እንጂ ውስጡ ስላለው ሰውዬ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም ነበር። ዝም ስል ጊዜ ሄደ።

በሦስተኛው ወር ወደ መጀመሪያው ጣቢያ ተመለስኩ። በጀማሪ ሸሚዜ። በዚህ ጊዜ ኖትካርዱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። መጨረሻው ላይ «ልብስ የሌለው ሰው ጥግ ላይ ካለው ካርቶን ይውሰድ» ይላል። ያ ሳልፈው የነበረው ካርቶን! ነካሁት፣ ቱታ ሰጠኝ። ግራጫ የመካኒክ ቱታ፣ ጉልበቱ ላይ የዘይት እድፍ ያለበት። ስክሪፕት ዜሮ። ከቱታው ጋር «የጥገና ክፍል ተለማማጅ» የሚል ታግ ጭንቅላቴ ላይ ተንጠለጠለ።

ያን ሰሞን ስለ አፖሎ 13 ሳነብ ነበር የከረምኩት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970 ወደ ጨረቃ ሲጓዙ የኦክስጅን ታንካቸው ፈነዳ። ሦስቱ ጠፈርተኞች ለሁለት ሰው በተሠራችው የጨረቃ ማረፊያ መንኮራኩር ውስጥ ተጠለሉ። የሚያስወጡት ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየጨመረ መጣ። ትርፍ ማጣሪያ ነበራቸው፤ ግን የዋናው መንኮራኩር ማጣሪያ አራት ማዕዘን ነው፣ የማረፊያዋ ደግሞ ክብ። በፕላስቲክ ከረጢት፣ በካርቶን፣ በጠፈር ልብስ ቱቦና በፕላስተር አጋጥመው ነው የተረፉት። ይህ ጭንቅላቴ ውስጥ እየዞረ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩና እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«የግድግዳውን ክዳን ፈትቶ እጁን እስከ ክርኑ አስገባ። የአየር ማጣሪያውን ጎትቶ አወጣ። አብቅቶለታል። ከመጋዘን ያመጣውን አዲሱን ሊሰካ ሞከረ። እምቢ አለው። ቀዳዳው ክብ ነው፣ አዲሱ ማጣሪያ አራት ማዕዘን።»

ለአንድ ደቂቃ ያህል ዝም ተባለ። ልቤ ይመታ ነበር። ከዚያ የጭነት ተቆጣጣሪ ሆና የምትጫወት ሴት ዞር አለች። «ከዚህ ዓይነቱ ስንት አስመጥተናል?»

«አርባ።»

«ሁሉም አራት ማዕዘን?»

«ሁሉም።»

ተራ ንግግር እስከ 20 ሜትር ድረስ ነው የሚሰማው፣ ክሊኒኩ ደግሞ ከዚያ ይርቃል። ስለዚህ በሻውት ጮህኩ፤ ሻውት 100 ሜትር ይደርሳል። ከክሊኒኩ ሐኪሙ መለሰ፦ «ከጠዋት ጀምሮ ራሴን አመመኝ ብለው የመጡብኝ ሦስት ናቸው። ለካ ይሄ ነው!» ያንን መስመር ሳነብ ወንበሬ ላይ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። ራስ ምታቱን እኔ አልጻፍኩትም። ሰውየው ከራሱ አመጣው፣ ደግሞም ልክ ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲበዛ ራስ ምታት ያስከትላል። ወጥ ቤት የምትሠራዋ የዕቃ መጠቅለያ ፕላስቲክ ይዛ መጣች። አብራሪው ከአሮጌ የጠፈር ልብስ ቱቦ ቆረጠ። ሰባት ሰዎች ሆነን ሦስት ሰዓት ተኩል ፈጀብን። ሁለት ወር ሙሉ በዚያ በሚያብረቀርቅ ጥሩር ያላገኘሁትን፣ እድፍ ባለበት ነፃ ቱታ በአንድ ማታ አገኘሁት።

መጻፉንም ያወቅኩት ያኔውኑ ነው። ድርጊት የሚጻፈው «ስላሽ ሚ» ከሚባለው ትእዛዝ ጋር ነው፤ ቻቱ ስማችሁን ያስቀድምላችኋል። ከገጸ ባህሪው ወጥታችሁ እንደ ራሳችሁ የምትናገሩት ደግሞ በድርብ ቅንፍ ውስጥ ነው። የጭነት ተቆጣጣሪዋ በመሀል እንዲህ አለችኝ፦ «((አዲስ ነህ አይደል? ጎበዝ፣ ቀጥል። ግን የእኔን እጅ አንተ አታንቀሳቅሰው።))» ጽፌ የነበረው «መሰላሉን ያዘችለት» ብዬ ነው። ማለት የነበረብኝ «መሰላሉን እንድትይዝለት ጠየቃት» ነው። መያዝ አለመያዙን የምትጽፈው እሷ ናት። ፓወርፕሌይ ይሉታል፣ ሰው ቶሎ የሚያስቀይመው እሱ ነው። ሌላው ደግሞ ሜታጌሚንግ ነው። የማታውቁት ሰው ጭንቅላት ላይ ስሙ ተጽፎ ስላያችሁ ብቻ ገጸ ባህሪያችሁ በስሙ ሊጠራው አይገባም።

የዚህ ዓይነቱን ሮል ፕሌይ ከሌላው አስበልጬ የምወደው ፊዚክሱ ራሱ ጨዋታ ስለሚሆን ነው። ከጣቢያው ውጭ ቅርፊቱ ላይ ስንሠራ ለምሳሌ አፍ ለአፍ አንነጋገርም። ባዶ ጠፈር ድምፅ አያስተላልፍም። ሁሉም በሬዲዮ ነው፣ ሬዲዮው ከተበላሸ የራስ ቁርን ከራስ ቁር አስነክቶ ማውራት ነው። ከምድር ላይ ካለ ቢሮ ጋር የሚጻጻፍ የማርስ ሰፈር ደግሞ አለ። መልእክት ከማርስ ምድር ለመድረስ እንደ ርቀቱ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ተጫዋቾቹ ያቺን ጊዜ በእውነት ይጠብቋታል። አንድ ማታ አብሬያቸው ጠብቄያለሁ። ማንም ምንም ሳይጽፍ አሥራ አራት ደቂቃ። እንዲህ ያለ ዝምታ ሌላ የት እንደሚገኝ አላውቅም።

ስለ ቀረው ብዙ የምለው የለኝም። ቪወሩ ከበድ ይላል፣ ደከም ባለ ኮምፒውተር የጥላውንና የርቀት እይታውን መቀነስ ነው። ሰዉ በጅምላ ደህና ነው።

እንግዲህ ፍርዴ ይኸው። ጥሩሩን አትግዙት። የዚህን ሻጭ ብቻ ማለቴ አይደለም፤ በመጀመሪያው ወር ማንኛውንም አትግዙ። ግዴታ ነው ካላችሁ ሻጩን ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ስንት ስክሪፕት አለው? ማጥፊያ አለው? ሞዲፋይ ነው፣ ማለትም ገዢው ውስጡን መንካት ይችላል? ለመመለስ ካመነታ ሱቁን ለቃችሁ ውጡ። ሮል ፕሌዩን ግን ጀምሩ። አየሩን የሚያጣራ፣ ጭነት የሚቆጥር፣ ራስ ምታት የሚያክም ሰው ሁኑ። ሥራ ያለው ሰው ይፈለጋል፣ ይጠራል። እኔ ዛሬ ስገባ «ማጣሪያው እንዴት ዋለ?» የሚለኝ ሰው አለ። በወጣልኝ ገንዘብ እናደዳለሁ፣ እዚያ በማሳልፈው ማታ ግን አንድም ቀን ተጸጽቼ አላውቅም።

ሐሙስ ማታ የጭነት መርከብ ይገባል። ሐኪሙ በኖትካርድ ልኮልኛል፤ አዲሶቹን ማጣሪያዎች ፈርሜ የምረከበው እኔ ነኝ። ክብ ይሁኑ አራት ማዕዘን እስካሁን የነገረኝ የለም።