ስታዲየም በር ላይ ትኬት የምትገዙ ተጠንቀቁ፤ እኔ ትናንት ተበልቻለሁ

ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ትናንት እሁድ ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ናይጄሪያን ሲገጥሙ እኔና ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ ስታዲየም ግንብ ስር ቆመን ዋልን። ትኬት በእጃችን ይዘን ነው ውጭ የቀረነው።

የመጣነው ከደብረ ብርሃን ነው። እኔ በሕይወቴ ስታዲየም ገብቼ አላውቅም። ሰኔ ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ስናሸንፍ ሻይ ቤት ተጨናንቀን በቴሌቪዥን ነበር ያየነው፤ ያን ዕለት ለወንድሜ "የሚቀጥለውን ሜዳ አስገብቼህ ነው የምታየው" ብዬ ቃል ገባሁለት። የሚቀጥለው ደግሞ ይሄ ሆነ፤ በደርሶ መልስ ያሸነፈ ለዓለም ዋንጫ ብራዚል የሚሄድበት ጨዋታ! ልጁ የዋልያዎቹ አጥቂ ሳላዲን ሰዒድ ሲባል ምግብ ይረሳል። ጠዋት ጉንጩን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ አስቀባሁት።

ሰልፉን ሳየው እንደማይደርሰን ገባኝ። ያን ጊዜ ነው ሰውዬው የመጣው። ታውቁታላችሁ፣ ትልቅ ጨዋታ ሲኖር አይጠፋም፤ ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ "ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ካታንጋ" እያለ የስታዲየሙን የመቀመጫ ቦታዎች እየጠራ ትከሻ ለትከሻ የሚያልፈው። ሁለት የካታንጋ ትኬት አለኝ አለ። አንዱን በ300 ጠራ፣ በ250 ተስማማን። ለሁለት 500 ብር።

ሞኝ አልነበርኩም፤ የሚያናድደኝም ይሄው ነው። ትኬቶቹን ተቀብዬ አየኋቸው። ማህተሙን በአውራ ጣቴ ፈተግኩት፣ አልለቀቀም። አጠገቤ ከመስኮት የገዛ ልጅ ነበር፣ ከእሱ ትኬት ጋር ጎን ለጎን አስተያየሁት፤ አንድ ነው። ብሩን ቆጥሬ ሰጠሁ። ልክ ብሩ እጁ እንደገባ ከኋላችን አንዱ "ፖሊስ! ፖሊስ መጣ!" ብሎ ጮኸ። ሰውዬው ትኬቶቹን ከእጄ መንትፎ ኪሱ ከተተ፤ እኔንም በክንዴ ጎትቶ ወደ ባቡሩ ግንባታ ቆርቆሮ አጥር አስጠጋኝ። "ከያዙን ሁለታችንንም ነው የሚወስዱን" አለኝ። ልቤ ድው ድው ይል ነበር። ትንሽ ቆይቶ ትኬቶቹን አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠና ጣቶቼን በገዛ እጁ አጠፈልኝ። "ጨብጠህ ያዝ የኔ ጌታ፣ በሩ ጋ እስክትደርስ እንዳትከፍተው" አለ።

አልከፈትኩትም። አንድ ሰዓት ያህል በሰልፍ እየተገፋሁ ጨብጬ ያዝኩት።

በሩ ላይ እጄን ስዘረጋ ትኬት ቆራጩ ወረቀቱን ሳይሆን መዳፌን ነው ያየው። ሐምራዊው ማህተም ከላቤ ጋር ለቆ መዳፌ ላይ ታትሟል። "ወንድሜ፣ ፎርጅድ ነው። ማህተሙ እኮ እጅህ ላይ ቀርቷል" አለኝ፤ በክፋት አይደለም፣ ልጁን እያየ ነው የተናገረው። ከኋላ ያለው ሰው ግፋ እያለ ይጮሃል። ወጣን።

ሰውዬውን እዚያው ቆርቆሮው ጋ አገኘሁት፤ አልሸሸም፣ ለሌላ ሰው እየሸጠ ነው። ደረቱን ያዝኩት። "እኔን ነው? ተሳስተሃል፣ አላውቅህም" አለኝ። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። ከዚያ የወንድሜን ራስ ዳበስ አድርጎ "ልጁን ይዘህ ግባ እንጂ፣ ጨዋታው ሊጀመር ነው" አለኝ። ሁለት ጓደኞቹ መጥተው በመሀላችን ገቡ። 500 ብሩን ይቅር ልለው እችላለሁ፣ ያችን ራስ መዳበስ ግን እስክሞት አልረሳትም።

በሁለተኛው አጋማሽ ግንቡ የተንቀጠቀጠ መሰለኝ። ወንድሜ "ማን ነው ያገባው? ማን ነው?" እያለ ልብሴን ይጎትታል። ሬዲዮ ጆሮው ላይ የለጠፈ ሊስትሮ ነው በኃይሉ አሰፋ መሆኑን የነገረን። ከዚያ የናይጄሪያው ኤመኒኬ አቻ አደረገ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ በፍጹም ቅጣት ምት ደገመ፤ ያ ሁሉ ሕዝብ ድምፁ ጠፋ። 2 ለ 1። ሰው አንገቱን ደፍቶ ሲወጣ ቀናሁ። እነሱ ቢያንስ አይተው፣ አብረው አዘኑ።

ወገኖቼ፣ ከመስኮት ግዙ። የግድ ከመንገድ ከሆነ ደግሞ ያያችሁት ትኬት ከእጃችሁ አይውጣ፤ ከወጣ ብራችሁን ሳትቀበሉ ንቅንቅ አትበሉ። "ፖሊስ መጣ" የሚለው ጩኸት የነሱው ነው፤ ዞር ብዬ ባይ ኖሮ አንድም ፖሊስ አልነበረም።