«90 ቀን የተብላላ» ተብሎ የተሸጠልኝ ነጭ ሽንኩርት

ፒያሳ አካባቢ «ጥቁር ነጭ ሽንኩርት» ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ብሩን ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። በተለይ ለእናት ለአባታችሁ የሆድ ድርቀት ብላችሁ ከሆነ።

እማዬን የሆድ ድርቀት ማስቸገር ከጀመራት ቆይቷል። ተልባው ተሞክሯል፣ ፓፓያውም ተሞክሯል። ባለፈው ወር ከጊዮርጊስ ወደ ቸርችል ስወርድ አንድ ሱቅ ገባሁ። ጥቁር ሽሮፕ ውስጥ የተነከረ ነጭ ሽንኩርት በጠርሙስ በጠርሙስ ተደርድሯል። «90 ቀን የተብላላ፣ አንጀት የሚያንቀሳቅስ፣ ጨጓራ የሚያድን» ይላል ጽሑፉ። ሻጯም «የኔ እህት፣ በሦስት ቀን ሆዷ ካልለሰለሰ መልሺልኝ» አለችኝ። ለ250 ግራም 1,800 ብር በቴሌብር ላኩ። ደረሰኝ ስጠይቅ «ማሽኑ ተበላሽቷል» ተባልኩ። እዚያ ላይ መንቃት ነበረብኝ።

እንደተነገረን በባዶ ሆድ ሦስት ሦስት ፍሬ ሰጠኋት። በመጀመሪያው ቀን ማታ ሆዷ እንደ ከበሮ ተወጠረ። ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ አደረ። በማግስቱ ቁርጠትና ተቅማጥ መጣ። ለሻጯ ስደውልላት «መርዙ እየወጣላት ነው፣ እንዳታቋርጥ» አለችኝ። እስካሁን የሚያበሳጨኝ ከብሩ በላይ ይህ ቃል ነው። የታመመን ሰው «ቀጥይ» ማለት!

በሦስተኛው ቀን አንዱን ፍሬ በቢላ ከፈልኩት። ላዩ ቡናማ፣ ውስጡ ነጭ። ነከስ ሳደርገው ቀጭ አለ፣ ምላሴንም አቃጠለኝ። በቃ፣ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ነው። ልጠው ሽሮፕ ውስጥ ነክረውታል።

እውነተኛው ጥቁር ነጭ ሽንኩርት እንዲህ አይደለም። ራሱ ሳይላጥ፣ ሳይፈለፈል ከ60 እስከ 90 ዲግሪ ሙቀትና ከፍተኛ እርጥበት ውስጥ ለሳምንታት ይቀመጣል። «ተብላላ» ይባል እንጂ እንደ እንጀራ ሊጥ በእርሾ አይደለም የሚለወጠው። ዋናው ሥራ የሙቀቱ ነው። የዳቦ ቅርፊት ምድጃ ውስጥ የሚቀላበት ዓይነት ለውጥ ቀስ ብሎ ውስጡ ድረስ ይደርሳል። ሲያልቅ ፍሬው እስከ መሐሉ ጥቁር ነው። እንደ ተምር ይለሰልሳል፣ ይጣፍጣል፣ አያቃጥልም። የሚያቃጥለው አሊሲን በአብዛኛው ጠፍቶ፣ ኤስ አሊል ሲስቴይን የሚባለው ንጥረ ነገር ይጨምራል።

ለሆድ ትልቁ ልዩነት ፍሩክታን የሚባለው የካርቦሃይድሬት ዓይነት ላይ ነው። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ፍሩክታን በብዛት አለው። ትንሹ አንጀታችን ይህን መፍጨት አይችልም። ስለዚህ እንዳለ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል፤ እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ሲያብላሉት ጋዝ ይፈጠራል። አንጀቱ ቶሎ የሚቆጣ ሰው ይነፋል፣ ይቆርጠዋል፣ አንዳንዱም ያስቀምጠዋል። በአግባቡ የጠቆረው ላይ ግን ፍሩክታኑ በሙቀቱ ተሰባብሮ ወደ ቀላል ስኳር ይለወጣል። እንግዲህ አስቡት። ሰው ጥሬውን በልቶ ሆዱ ሲጮህና ሲያስሮጠው «ሠራልኝ» ብሎ ለጎረቤት ይነግራል። ገበያው የደራውም በዚህ ይመስለኛል።

እውነተኛውስ ለድርቀት ይረዳል ወይ? የጥቁሩ ጭማቂ የአንጀትን እንቅስቃሴ እንደሚያፋጥን አይጦች ላይ ታይቷል። ግን አይጥ ላይ ስለታየ ብቻ የእናቴ መድኃኒት ነው ተብሎ በጠርሙስ አይሸጥም።

ከሁሉም ያስደነገጠኝን ልንገራችሁ። እማዬ የልብ ቫልቭ ችግር ስላለባት ዋርፋሪን፣ ያው የደም ማቅጠኛ፣ ትወስዳለች። ሐኪሟ ጠርሙሱን ስታይ በጣም ተቆጣች። ነጭ ሽንኩርት ወጥ ውስጥ ችግር የለውም፤ እንደ መድኃኒት በብዛት ሲወሰድ ግን ከደም ማቅጠኛ ጋር ተደርቦ ደም የመፍሰስ አደጋን ሊጨምር ይችላል። ሻጯ «ሌላ መድኃኒት ትወስዳለች ወይ?» ብላ አልጠየቀችኝም። እኔም አልነገርኳት።

እዚያው ሱቅ ውስጥ ተልጦ ዘይት የተሞላበትም አለ፣ ዋጋው ቀነስ ይላል። እሱን በጭራሽ አትንኩ። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት አየር በማይገባበት ዘይት ውስጥ፣ ከፍሪጅ ውጭ ሲቀመጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ይመቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1985 ካናዳ ቫንኩቨር ውስጥ በአንድ ሬስቶራንት እንዲህ የተቀመጠ ነጭ ሽንኩርት 36 ሰዎችን አሳምሟል። መርዙ በማሽተትም በመቅመስም አይታወቅም።

መግዛት ካለባችሁ ከነልጣጩ ያለውን ግዙ፣ አንዱን ፍሬ እዚያው አስከፍታችሁ እዩት። ውስጡ ነጭ ከሆነ ጥላችሁ ውጡ። የኔ ጠርሙስ ላይ የአምራች ስም የለም፣ አድራሻ የለም፣ የተመረተበት ቀንም የለም። ሳልገዛ በፊት ገልበጥ አድርጌ ባየው ኖሮ ይበቃኝ ነበር።

ጠርሙሱን ይዤ ስመለስ ሻጯ «ከኛ አልገዛሽም» አለችኝ። ደረሰኝ የለኝም፤ የቴሌብሩ መልእክት ላይ ያለው የግለሰብ ስም ነው። ብሬ አልተመለሰም። ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ8482 ደውዬ አመልክቻለሁ፣ ጠርሙሱንም ለማስረጃ አስቀምጬዋለሁ። ከዚያው ሱቅ የገዛችሁ ካላችሁ እናንተም ደውሉ። እማዬ ወደ ተልባዋ ተመልሳለች፤ የደም ምርመራዋ ሐሙስ ነው።