ሉመኑን ትታችሁ ድራይቨሩን ጠይቁ፦ ሦስት ዓይነት ኃይለኛ የእጅ ባትሪ ጎን ለጎን

ባለፈው ክረምት ኩታበር ላለው አጎቴ አንድ ኃይለኛ የእጅ ባትሪ ከደሴ ገዝቼ ላኩለት፣ ድንቹን ጃርት እየጨረሰበት ሌሊት ሌሊት ማሳው ዳር ነበር የሚያድረው። አንድ ሌሊት አጥፍቶ ካፖርቱ ኪስ ይከተዋል፣ ትንሽ ቆይቶ ጎኑን ሲያቃጥለው ያወጣዋል፣ ባትሪው ለካ በሙሉ ኃይሉ እየበራ ነው፣ ማብሪያውን ቢጫን ቢጫን እምቢ፣ በመጨረሻ በጋቢው ጫፍ ይዞ የኋላ ክዳኑን ፈታና ድንጋዩን አውጥቶ ወረወረው። ጠዋት ደውሎ «አንተ ልጅ፣ ሊያነደኝ ነበርኮ» ሲለኝ ወላሂ እግሬ ነው የራደው። ጥገና ቤት ወሰድኩት፣ ልጁ ቴስተሩን ሞስፌቱ፣ ማለት ከረንቱን የሚያበራውና የሚያጠፋው ቁራጭ ዕቃ፣ እግሮች ላይ ሲያሳርፈው ጢጥ አለ፣ ሾርት፣ ውስጡ ተገናኝቶ ቀርቷል። ከዛ ቀን ወዲህ ሰው ባትሪ ልገዛ ነው ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ሉመኑን፣ ማለት የብርሃኑን መጠን፣ ሳይሆን ድራይቨሩ ምንድነው ብዬ ነው።

ድራይቨር ማለት ድንጋዩና ኤልኢዲው መሀል ያለችው ክብ ቦርድ ናት፣ አንዳንዱ ላይ ከስሙኒ አትበልጥም። ሊትየም ድንጋይ ሙሉ ቻርጅ ሲሆን 4.2 ቮልት ነው፣ እያለቀ ሲሄድ ወደ 3 ይወርዳል፣ ይሄን የሚወጣ የሚወርድ ቮልት ተቀብላ ለኤልኢዲው ልክ ከረንት የምትሰጠው እሷ ናት። ባትሪው በራ ጠፋ ሲል፣ ደብዘዝ ሲል፣ አልጠፋም ሲል ብዙ ጊዜ ጣጣው እዚችው ቦርድ ላይ ነው፣ ኤልኢዲው ራሱ በቀላሉ አይሞትም።

የመጀመሪያው ዓይነት ሊኒየር ነው። በጣም የታወቀው 7135 የሚባለው ቺፕ ነው፣ አንዱ 350 ሚሊአምፔር ያሳልፋል፣ ስምንቱ ጎን ለጎን ሲሆኑ 2.8 አምፔር፣ ኮንቮይ ኤስ2 ፕላስ የሚባለውን የእጅ ባትሪ የሚያውቅ ይሄን ያውቃል። ኮይል (ጥቅል ሽቦ) የለው፣ ብዙ ዕቃ የለው፣ ስለዚህ የሚበላሽም ትንሽ ነው። ከስምንቱ አንዱ ቢቆርጥ እንኳ ሰባቱ ያበራሉ። ትርፉን ቮልት ወደ ሙቀት ነው የሚቀይረው፣ ድንጋዩ ሙሉ ሲሆን ቦርዱ ላይ 2 ዋት ገደማ እንዲሁ ይባክናል ማለት ነው፣ ድንጋዩ ሲደክም ደሞ ብርሃኑም አብሮ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ እኔ ይሄን እወደዋለሁ ምክንያቱም ጨለማ ውስጥ ሳያስጠነቅቅ አይጥላችሁም። ጠላቱ አንድ ነው፣ ሁለት ድንጋይ ደርድሮ ማስገባት፣ 8.4 ቮልት ሲያገኘው በአንዴ ይነዳል።

ሁለተኛው ሞስፌቱ ድንጋዩን ከኤልኢዲው ጋር በቀጥታ የሚያገናኘው ነው፣ የአጎቴም ይሄ ነበር። ከረንቱን የሚገድብ ነገር የለም፣ ድንጋዩ የቻለውን ያህል ይለቃል፣ ጠንካራ ድንጋይ ከሆነ ከ20 አምፔር በላይ ሊሄድ ይችላል። ሲበራ ዓይን ያጠፋል፣ ገበያ ላይ ሰው የሚማርከውም ለዚህ ነው፣ ግን ደቂቃ ሳይሞላ እጅ ላይ አይያዝም። ክፉው ነገር ሞስፌት ሲሞት ብዙ ጊዜ ሾርት ሆኖ ነው የሚሞተው፣ ማለት መጥፋት ሳይሆን አልጠፋም ማለት። ማብሪያው በቦርዱ በኩል የሚያዝ ከሆነ ብትጫኑት ዋጋ የለውም። ይሄ ዓይነት ያላችሁ ኪስ ስታስገቡ የኋላ ክዳኑን ሩብ ዙር ፈታ አድርጉት፣ የክዳኑ ጥርስ ከረንት የማያሳልፍ ቀለም የያዘ ከሆነ መስመሩ ይቆረጣል።

ሦስተኛው በኮይል የሚሠራው ነው፣ ሁለት ወገን አለው፣ ባክ ቮልት ይቀንሳል ቡስት ይጨምራል። ሁለቱም ብርሃኑን ድንጋዩ ሊያልቅ እስኪቃረብ እኩል ይይዙታል፣ ብክነታቸውም ትንሽ ነው። ግን ሻጭ አንድ አድርጎ ነው የሚያወራቸው፣ ልዩነታቸው ደሞ ትልቅ ነው። ባለ 6 ቮልት ኤልኢዲ 30 ዋት ይፈልጋል እንበል። በአንድ ድንጋይ በቡስት ሲሆን ድንጋዩ 4 ቮልት ላይ እያለ ብክነቱ ተጨምሮ ከ8 አምፔር በላይ ይስባል፣ 3.2 ላይ ሲደርስ ከ10 ያልፋል፣ ማለት ድንጋዩ በደከመ ቁጥር ቦርዱ የባሰ ይጨነቃል፣ ድንጋዩን የሚነካው ስፕሪንግ ቀጭን ከሆነ ግሎ ይለሰልስና መንካቱን ይተዋል፣ ያኔ ብልጭ ድርግም ይጀምራል። በሁለት ድንጋይ በባክ ሲሆን ያው 30 ዋት ቢበዛ 5 አምፔር ገደማ ነው፣ ሁሉም ነገር ይቀለዋል። የሁለቱም የጋራ ድካም መውደቅ ነው። ኮይሉ ከባድ ስለሆነ ባትሪው ጠንካራ መሬት ላይ ሲወድቅ ብየዳውን ሊነቅለው ይችላል፣ ሴራሚክ ካፓሲተሩም፣ ቦርዱ ላይ ያለችው ትንሿ የቻርጅ መያዣ፣ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይይዝና ቆይቶ ሾርት ሊያደርግ ይችላል።

እንግዲህ ለማሳ ጠባቂ፣ ለዘበኛ፣ ለገና ላሊበላ ሌሊት ለሚጓዝ ሰው ሊኒየር ውሰዱ፣ ለመንገድ ከበቂ በላይ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ መሀል ሐረጎ ዳገት ላይ ጎማ ለሚቀይር ሹፌር፣ ረጅም ሰዓት እኩል ብርሃን ለሚፈልግ ባክ ይሻለዋል፣ ጉም ውስጥ ግን ከፍተኛውን አታብሩት፣ ብርሃኑ ተመልሶ ዓይን ላይ ነው የሚመጣው። ቡስት አንድ ድንጋይ ብቻ መያዝ ለሚፈልግ ነው፣ ስፕሪንጉ ወፍራም ወይ ድርብ ከሆነ። በቀጥታ የሚያገናኘውን ለሽማግሌና ለልጅ አልገዛም፣ ባቲና ኮምቦልቻ ለሚሠራ ሰውማ ጭራሽ፣ አየሩ ራሱ ሙቅ ነውና።

ሱቅ ላይ ሻጩ ድራይቨሩን ካላወቀ አብሽሩ፣ ደህናውን ከመጥፎው ራሳችሁ ትለያላችሁ። ጆሯችሁ አጠገብ ነቅንቁት፣ ውስጡ የሚንኳኳ ካለ ተዉት። ከዛ ከፍተኛው ላይ አብሩና አምስት ደቂቃ ያዙት (እጅ ማቃጠል ከጀመረ አጥፉት)፣ ጭንቅላቱ ቀስ እያለ በሙሉ መሞቅ አለበት፣ ብርሃኑ እየወረደ ጭንቅላቱ ቀዝቃዛ ከሆነ ሙቀቱ ውስጥ ታፍኖ ይሆናል፣ ማለት ቦርዱም ኤልኢዲውም እየተቀቀሉ ነው። 9900 ሚሊአምፔር-ሰዓት የሚል 18650 (18 በ65 ሚሊሜትር የሆነ) ድንጋይ አብሮ ከሰጣችሁ ድንጋዩን አትመኑት፣ በዚህ መጠን ጥሩ የሚባለው 3500 አካባቢ ነው። ባለ ሁለት ድንጋይ ከሆነ ሁለቱም አንድ ዓይነት፣ አንድ ቀን የተገዙ፣ እኩል ቻርጅ የተደረጉ ይሁኑ፣ አሮጌና አዲስ ከቀላቀላችሁ ደካማው ቀድሞ ባዶ ይሆንና ጠንካራው በግልባጭ ከረንት ይገፋበታል፣ ያኔ ድራይቨር ሳይሆን ድንጋዩ ራሱ ነው ሊፈነዳ የሚችለው።