የግጭት ቦታው ምን ያህል እውነተኛ ነው? «ፓትሮል ኦፊሰርስ» ከስምንት ወር በኋላ

«ፖሊስ ሲሙሌተር፦ ፓትሮል ኦፊሰርስ» የተባለውን የቪዲዮ ጨዋታ ጅማ በሚገኘው ቤቴ መጫወት ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆኖኛል። ሙሉው ዕትም እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 የወጣው ይህ ጨዋታ ተጫዋቹን ብራይተን በተባለች ምናባዊ የአሜሪካ ከተማ ውስጥ ጀማሪ ፖሊስ ያደርገዋል። ያለቦታው የቆመ መኪና መቅጣቱ ቶሎ ይሰለቻል፤ እኔን ያቆየኝ የትራፊክ አደጋው ክፍል ነው።

ፖሊሱ ግጭት ወደ ደረሰበት ቦታ ሲደርስ መንገዱ ላይ የሚነድ የማስጠንቀቂያ ችቦ አስቀምጦ አካባቢውን ይከልላል፣ ለተጎዳ ሰው አምቡላንስ ይጠራል፣ የተሽከርካሪዎቹን ጉዳት ፎቶ እያነሣ የአሽከርካሪዎችንና የምስክሮችን ቃል ይቀበላል፣ በመጨረሻም ጎታች መኪና ያስመጣል። ያለ በቂ ምክንያት የፈተሸ ሰው የሥነ ምግባር ነጥቡ ይቀነስበታል፤ እኔም በመጀመሪያው ወር ያገኘሁትን አሽከርካሪ ሁሉ የአልኮል መመርመሪያ እያስነፋሁ ነጥቤን ጨርሼ ነበር።

ጉድለቱ የታየኝ ባለፈው ክረምት ሕርማታ አካባቢ ባጃጅና ሚኒባስ ተጋጭተው የትራፊክ ፖሊሱን ሥራ ቆሜ ስመለከት ነው። ፖሊሱ የተሰበሰበውን ሰው ገለል አድርጎ፣ የጎማዎቹን ቦታ በጠመኔ አስምሮ፣ በሜትር እየለካ ፕላን (የግጭቱን ቦታ ንድፍ) አነሣ። አንዱ ምስክር በአፋን ኦሮሞ፣ ሌላው በአማርኛ ይናገራሉ፤ ሾፌሮቹ ደግሞ ጥግ ይዘው «በሽማግሌ እንጨርሰው» እየተባባሉ ነበር። በጨዋታው ውስጥ ሜትርም ፕላንም የለም፤ ጥፋተኛውን የምንለየው በአብዛኛው ሰዎቹ ከሚነግሩን ነው።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና ጎማው ተቆልፎ በደረቅ አስፋልት ላይ ሲንሸራተት የሚተወው ዱካ 14 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ፍጥነቱ 60 ከሆነ ወደ 20 ሜትር ይደርሳል፤ በእኛ ከተማ ዝናብ ባራሰው መንገድ ላይ ግን ባለ 50ውም ቢሆን 25 ሜትር ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ «ቀስ ብዬ ነበር የምነዳው» የሚለውን ሾፌር የሚያጋልጠው ወይም ነጻ የሚያወጣው ከመንገዱ ሁኔታ ጋር የተገናዘበው ልኬት ነው፤ ጨዋታው ግን ይህን ማስረጃ እንድንመረምር ዕድል አይሰጠንም።

ለመግዛት ላሰበ ሰው የምመክረው መርጃ ምልክቶችን የሚቀንሰውን የሲሙሌሽን አማራጭ ከመጀመሪያው እንዲመርጥ ነው። እኔ መብራት በማይጠፋበት ምሽት አሁንም አንድ ፈረቃ እሠራለሁ፤ የአደጋ ጥሪ ካልመጣ ግን ሳልጨርሰው እዘጋዋለሁ።