ለመገጭ ወንዝ የጎርፍ ካርታ የኮፐርኒከስ የከፍታ መረጃ ምን ያህል ይበቃል?

ከጎንደር በኩል ቁልቁል ወርዶ የደምቢያን ሜዳ አቋርጦ ጣና ሐይቅ የሚገባው መገጭ በክረምት ሲሞላ ውሃው የት እንደሚተኛ በካርታ ለማሳየት ለሚሠራ ባለሙያ፣ ኮፐርኒከስ የተባለው የአውሮፓ የምድር ምልከታ ፕሮግራም በነፃ የሚሰጠው የ30 ሜትር ዲጂታል የከፍታ መረጃ (መሬቱን ጎናቸው 30 ሜትር በሆነ ካሬዎች ከፍሎ የእያንዳንዱን ከፍታ የሚያሳይ) ትልቅ ጸጋ ነው። በጀርመን ራዳር ሳተላይቶች ልኬት ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ከጠፈር መንኮራኩር ከተሰበሰበው ኤስአርቲኤም ከተባለው የከፍታ መረጃ ይልቅ በለጥ ያለ ሜዳ ላይ እጅግ የጠራ ነው።

ሆኖም ራዳሩ የሚለካው ባዶውን መሬት ሳይሆን የላዩን ገጽ ነው፤ ስለዚህ በወንዝ ዳር የተተከለ ባሕር ዛፍ የጎርፉን ፍሰት በሚያሰላው የኮምፒውተር ሞዴል ውስጥ እንደ ግድብ ይቆማል፣ ውሃውም በእውነት ወደሚሄድበት ማሳ ሳይደርስ ይቀራል። ደምቢያን በመሰለ ሜዳ የአንድ ሜትር ስሕተት አንድን መንደር በሙሉ ከጎርፍ ውጭ አድርጎ ሊያሳይ ስለሚችል፣ ይህ በእኔ እምነት ቀላል ጉድለት አይደለም። ዛፍና ሕንፃ የተቀነሰለትን ፋብዴም የተባለውን ቅጂ ለሜዳው ክፍል እመርጣለሁ፤ ለንግድ ሥራ ግን ያለ ልዩ ፈቃድ አይፈቀድም።

ሁለቱም ቢሆኑ ከ30 ሜትር የጠበበ የወንዝ ቦይን በትክክል አያሳዩም። የቦዩ ስፋትና ጥልቀት በበጋ በእግር እየተሄደ ተለክቶ በመረጃው ላይ መቀረጽ፣ ውጤቱም ያለፈው ጎርፍ የት እንደደረሰ ከሚያስታውሱት ገበሬዎች ጋር መመሳከር አለበት።