የአንድ የመጠጥ ውሃ አገልግሎት ግምገማ፦ ማጣሪያ ጣቢያው ያስመሰግናል፣ የማሰራጫ መስመሩ ክትትል ግን ይቀረዋል

ይህ ግምገማ ስሙን ሳልጠቅስ ስለማልፈው አንድ የሕዝብ የመጠጥ ውሃ አገልግሎት ነው። የመዘንሁት በሦስት ነገሮች ነው፦ ለደንበኞቹ በሚያሰራጨው ዓመታዊ የውሃ ጥራት ሪፖርት፣ ከቤት ቧንቧ በለካሁት የክሎሪን መጠን እና የደንበኞች አገልግሎት ክፍሉ ለጥያቄዎቼ በሰጠኝ መልስ። ማነጻጸሪያዬ የዓለም ጤና ድርጅት የመጠጥ ውሃ ጥራት መመሪያ ሲሆን፣ ብዙ አገሮች አስገዳጅ ደረጃቸውን ሲያወጡ መነሻ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ሪፖርቱ ገና በመጀመሪያው ገጽ ውሃው የተቀመጡትን ደረጃዎች በሙሉ እንደሚያሟላ ያስታውቃል። ይህ ሐሰት ነው የሚያሰኝ ነገር አላገኘሁም። ይሁን እንጂ ናሙናው ከየት፣ መቼና በማን እንደተወሰደ እስካልተገለጸ ድረስ ደረጃን አሟልቷል የሚለው ቃል ለጠጪው የሚሰጠው ዋስትና ትንሽ ነው፤ አገልግሎቱን ያስመሰገነውም ያስነቀፈውም ይኸው ነጥብ ነው።

በማጣሪያ ጣቢያው በኩል ያለው ሥራ ጥሩ ነው። የውሃው ድፍርስነት ክሎሪን ከመጨመሩ በፊት ያለማቋረጥ ይለካል፤ ሪፖርቱም አማካዩን ብቻ ሳይሆን በዓመቱ ውስጥ የታየውን ከፍተኛ መጠን ጭምር አስፍሯል። ከፍተኛው ከ1 ኤንቲዩ (የድፍርስነት መለኪያ አሃድ) በታች መሆኑ ተራ ነገር አይደለም፤ ምክንያቱም በውሃው ውስጥ የተንሳፈፉ ደቃቅ ቅንጣቶች ተሕዋስያንን ከክሎሪን ይጋርዳሉ፣ ክሎሪኑንም ራሱን ይጨርሱታል። አርሴኒክ በሊትር ከ10 ማይክሮ ግራም፣ ፍሎራይድም ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ መመሪያው ያስቀመጠው ወሰን ተጠብቋል። ናይትሬትን በተመለከተ ግን አንድ የአጻጻፍ ጉድለት አለ። መመሪያው በሊትር 50 ሚሊ ግራም ሲል የሚያወራው ስለ ናይትሬቱ ሙሉ ክብደት ነው፤ ውጤቱ በናይትሮጅን መጠን ብቻ ሲገለጽ ይኸው ወሰን ወደ 11 ሚሊ ግራም ይወርዳል። ሪፖርቱ ከሁለቱ በየትኛው እንደለካ ስለማይናገር፣ በውሃ በሚበጠበጥ የጡጦ ወተት የሚያድግ ጨቅላ ያላት እናት ቁጥሩን አይታ ልትረጋጋም ልትሰጋም አትችልም። በአንድ መስመር የግርጌ ማስታወሻ የሚስተካከል ነገር ነው።

ዋናው ድክመት ውሃው ከጣቢያው ከወጣ በኋላ ይጀምራል። ለቀሪ ክሎሪን፣ ማለትም በመስመሩ ውስጥ ሳያልቅ ለሚቀረው ክሎሪን፣ የተሰጠው የዓመቱ አማካይ ብቻ ሲሆን አማካይ ደግሞ እዚህ ላይ የሚጠቅመው እምብዛም ነው፤ በሊትር 0.5 ሚሊ ግራም የሚል አማካይ ለጣቢያው ቅርብ ከሆነ ሰፈር 0.9፣ ከመስመሩ ጫፍ ደግሞ 0.1 በመውሰድ ሊገኝ ይችላል። መመሪያው ውሃው ደንበኛው ዘንድ ሲደርስ ቢያንስ 0.2 እንዲቀርለት ስለሚፈልግ፣ መታተም የነበረበት የየአካባቢው ዝቅተኛ ቁጥር ነው። እኔ በዲፒዲ ኪኒን (ክሎሪን ያለበትን ውሃ ሮዝ በሚያደርግ መመርመሪያ) በለካሁባቸው የተለመዱ ቀናት ናሙናው በግልጽ ሮዝ ይሆን ነበር። ውሃ ተቋርጦ በተመለሰበት ጊዜ ግን የመጀመሪያው ውሃ ቀለሙ ገርጥቶ ከ0.2 በታች አሳይቷል። በመስመሩ ውስጥ ግፊት ሲጠፋ በተሰነጠቀ ቧንቧና በላላ መገጣጠሚያ በኩል በዙሪያው ያለው ቆሻሻ ውሃ ወደ ውስጥ ሊሳብ እንደሚችል የዘርፉ ባለሙያዎች ሁሉ ያውቃሉ። ታዲያ ከመቋረጥ በኋላ ናሙና ይወሰድ እንደሆነ ሪፖርቱ ዝም ይላል። (የክሎሪን ሽታ ካለ ውሃው ደኅና ነው የሚለው እምነት እዚህ አያዋጣም፤ ኃይለኛው ሽታ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ክሎሪኑ ከአሞኒያና ከሌሎች ውህዶች ጋር ከተዋሐደ በኋላ ነው። ስለዚህ ኪኒን ስትገዙ ነፃውን፣ ማለትም ገና ያልተዋሐደውን፣ ክሎሪን የሚለካውን ለይታችሁ ያዙ።)

የእርሳስ (የመርዛማው ብረት) ምርመራውም ከዚሁ የባሰ ነው። ናሙናው የተወሰደው ከጣቢያው መውጫ ነው፤ እርሳስ ግን በአብዛኛው የሚገባው ከአሮጌ መስመር፣ ከብየዳና ከቧንቧ መክፈቻ ስለሆነ መታየት ያለበት ሌሊቱን በቧንቧ ውስጥ ተኝቶ ያደረ ውሃ ነው። ከጣቢያው የተገኘው ዝቅተኛ ውጤት ስለ ቤታችን የሚነግረን ነገር የለም።

የኢ ኮላይ (ውሃ በሰገራ መበከሉን የሚጠቁም ባክቴሪያ) ውጤት በ100 ሚሊ ሊትር ዜሮ ተብሏል፤ መሆን ያለበትም ዜሮ ነው። ናሙናውን የወሰደውና የመረመረው ግን ራሱ አገልግሎቱ ይሁን ዕውቅና ያለው ገለልተኛ ላቦራቶሪ አልተጻፈም። ይህን ጥያቄ ማንሳት ሰውን መጠርጠር ለሚመስለው፣ በካናዳ ኦንታሪዮ በምትገኘው ዋከርተን እ.ኤ.አ. በ2000 የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። ከከባድ ዝናብ በኋላ የከብት ፍግ ወደ አንድ ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ ገብቶ ከ2,000 በላይ ሰዎች ታመሙ፣ 7 ሰዎችም ሞቱ፤ በኋላ የተደረገው ምርመራ ሠራተኞቹ የክሎሪኑን መጠን ሳይለኩ በመዝገብ ላይ ቁጥር ይሞሉ እንደነበርና መጥፎውን የላቦራቶሪ ውጤት ከጤና ባለሥልጣናቱ እንደደበቁ አረጋገጠ። በወረቀት ላይ ሁሉም ደህና ነበር። የምገመግመው አገልግሎት እንዲህ ያደርጋል እያልሁ አይደለም፤ ማንም ሊያመሳክር የሚችል ማስረጃ አላቀረበም ማለቴ ነው።

የደንበኞች አገልግሎት ክፍሉ ትሑት ነው፣ ስልክ ያነሣል። በየአካባቢው የተከፋፈለውን ወርሃዊ ውጤት ስጠይቅ ግን የተላከልኝ ያንኑ ማጠቃለያ ሰንጠረዥ ነው። አንድ ናሙና ደረጃውን ባያሟላ በስንት ሰዓት ውስጥ ዳግም እንደሚመረመርና ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት መቼ እንደሚነገር ለጠየቅሁትም በጽሑፍ ያገኘሁት ምላሽ የለም። የጥንቃቄ ማስታወቂያቸው ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ ይላል፤ ለተሕዋስያን ትክክለኛ ምክር ነው፣ ነገር ግን ማፍላት ናይትሬትንና እርሳስን እንደማያስወግድ፣ እንዲያውም ውሃው ሲተንን ክምችታቸውን እንደሚጨምር አብሮ መነገር ነበረበት።

ከአምስት ኮከብ ሦስት እሰጠዋለሁ፤ ሦስቱም የማጣሪያ ጣቢያው ናቸው። የየአካባቢው ዝቅተኛ የክሎሪን መጠን፣ ከመቋረጥ በኋላ የተወሰዱ ናሙናዎች ውጤትና ከቤት ቧንቧ የተለካ እርሳስ በሚቀጥለው ሪፖርት ከታተሙ አራተኛውን እጨምራለሁ። እስከዚያው በመስመሩ ጫፍ የምትኖሩ ደንበኞች ውሃ ተቋርጦ ሲመለስ ለመጠጥ ከመቅዳታችሁ በፊት ጠርቶ እስኪወርድ ብታፈሱት፣ ክሎሪኑንም ብትለኩ፣ ከ0.2 በታች ከሆነ ደግሞ ብታፈሉት ይሻላል።