ሐረር ላይ ጠገራ ብር ልትገዙ ያሰባችሁ፣ አንብቡ

30,000 ብር። ጠገራ ብር፣ ያ አያቶቻችን ይገበያዩበት የነበረው ትልቁ የብር ሳንቲም፣ ብዬ ለገዛኋቸው ሦስት ክብ ብረት። ከሐረር ከተመለስኩ ገና አራተኛ ቀኔ ነው፤ ንዴቱም አልበረደልኝም፤ ስለዚህ አጻጻፌ ቢጎረብጣችሁ ታገሡኝ።

አስጎብኚውን ታውቁታላችሁ። ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ከባጃጅ ስትወርዱ፣ እግራችሁ ገና መሬት ሳይረግጥ «ጋሼ፣ እንኳን ደህና መጡ» የሚለው ወጣት ነው። አንገቱ ላይ መታወቂያ አንጠልጥሏል። ንግግሩ የታረመ፣ አለባበሱ የጸዳ ነው። የጀጎልን አምስት በሮች እየጠራ፣ አሚር ኑር ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ለምን እንዳሠራው እየተረከ፣ ከፊት ከፊት ይመራል። ከተናገረው ውስጥ አንዲት ስሕተት አላገኘሁበትም። ያጠፋኝም ይኸው ነው፤ ግማሽ ቀን ሙሉ እውነት ሲነግረኝ የዋለ ሰው ማታ ላይ ይዋሸኛል ብዬ አላሰብኩም።

ሙዚየሞቹን ግን አልወቅስም። ራምቦ ቤት የሚባለው ባለቀለም መስታወት ያለው ቤት፣ ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ ኖሮበታል ባይባልም፣ የድሮዋን ሐረር የሚያሳዩት ፎቶግራፎቹ ብቻ የመንገዱን ድካም ይክሳሉ። አስጎብኚዬ እዚያው ቆሞ ባለቅኔው በ1887 እ.ኤ.አ. ለምኒልክ ጠመንጃ ሊሸጥ እንጦጦ ድረስ ወጥቶ፣ ያሰበውን ዋጋ ሳያገኝ፣ ክፍያውንም ሐረር ሄዶ ከገዥው ከመኮንን እንዲቀበል ተነግሮት እንደተመለሰ ሲያጫውተኝ አብሬው ሳቅሁ። በሰው ኪሳራ እንዲያ መሳቄ አሁን ያንገበግበኛል።

ከዚያ ራስ ተፈሪ ቤት ገባን። ብራናው፣ ጎራዴው፣ የአሚሮቹ ዘመን ሳንቲም ሁሉ አለ። እኔ ግን ጠገራ ብሩ ፊት ስደርስ ቆምኩ። ሴት አያቴ በጥቁር ማተብ አንገቷ ላይ ያሰረችው አንድ ጠገራ ነበራት፤ ሕፃን ሆኜ ስታቅፈኝ ብርዱ ጉንጬን ይነካኝ ነበር። በ77ቱ ድርቅ ለእህል ተሸጠ። ይህንን ሁሉ ማንም ሳይጠይቀኝ ለአስጎብኚው ተረክሁለት። ሰውየው ዝም ብሎ ሰማኝ፤ ራሱንም በሐዘን ነቀነቀ። ዋጋዬን የተመነው ያኔ መሆን አለበት።

«ጋሼ፣ እዚህ ቅርብ አንድ የጥንት ቤተሰብ ቤት አለ፤ ጋለሪም አላቸው፤ ለማንም አያሳዩም» አለኝ። ለማንም የማያሳዩትን ለእኔ ለምን እንደሚያሳዩኝ አልጠየቅሁም። ተከተልኩት። ጠባብ መተላለፊያ፣ ነጭ ግድግዳ፣ ከዚያ ግቢ። ጋለሪ የተባለው የጅብና የግንብ በር ሥዕሎች የተሰቀሉበት አንድ ክፍል ነው፤ ቀለማቸው ገና ይሸታል። ቀዩ መደብ ላይ ተቀመጥን። በዕድሜ የገፉ እናት ከቡና ቅጠል የተፈላ ቁጢ በወተት አቀረቡልኝ። ከዚያ የቤቱ ጌታ የተባለው ጎልማሳ የብስኩት ቆርቆሮ ይዞ መጣ፤ ከቆርቆሮው ውስጥ ጨርቅ፣ ከጨርቁ ውስጥ ሦስት ጠገራ ወጣ።

«ዓመቱን ራስዎ ያንብቡት» አለኝ። 1780 ይላል። ከ240 ዓመት በላይ! እጄ ተንቀጠቀጠ። ጠገራው ላይ ያለችው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ ከሞተችበት ከዚያ ዓመት ወዲህ የተመታ ጠገራ ሁሉ፣ ቪየናም ይመታ ሮም ወይም ለንደን፣ ያንኑ 1780 እንደሚይዝ ያወቅሁት ቤቴ ገብቼ ነው። ትክክለኛው እንኳ ቢሆን ትናንት የተመታ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ለአንዱ 15,000 ጠራ። ተከራከርኩ። ተነሣሁ፣ ተቀመጥኩ። 10,000 ላይ ስናርፍ አስጎብኚው «ጋሼ ከባድ ሰው ነዎት!» ብሎ ሳቀ፤ እኔም ኮራሁ። እንግዲህ የምነግራችሁ ነገር ይህ ነው። የቤቱ ጌታ ስልክ ቁጥሩን በቃሉ ነገረኝ፤ ቴሌብር ላይ አስገባሁት፤ መጠኑን ጻፍኩ፤ ከዚያ የተቀባዩ ስም መጣ። የአስጎብኚው ስም ነው። ከነአባቱ። ፊት ለፊቴ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ ካለው መታወቂያ ጋር ፊደል በፊደል አንድ ነው። ቀና ብዬ አየሁት። እርሱም አየኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ መታወቂያውን ወደ ጀርባው ገለበጠው።

ምን ያደረግሁ ይመስላችኋል? የይለፍ ቁጥሬን አስገባሁ!

እናትየዋ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል፤ ቁጢያቸውን ጠጥቻለሁ፤ ዋጋ ተስማምቻለሁ። በሰው ቤት ተቀምጬ «ይህ ምንድን ነው?» ማለት አፈርኩ። ሌባው ያላፈረውን እኔ አፈርኩለት። ይሉኝታ እንዲህ በ30,000 ብር ሲሸጥ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

አዲስ አበባ አንድ ብር ሠሪ ዘንድ ወሰድኳቸው። አልመዘናቸውም። ከመሳቢያው ማግኔት አውጥቶ ጠጋ ሲያደርገው የመጀመሪያው ዘልሎ ተለጠፈበት፤ ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። «ብር ማግኔት አይወድም፣ አባቴ» አለኝ። ከዚያ ጠርዙን በጥፍሩ ቧጨረው፤ ልሙጥ ነው። በእውነተኛው ጠገራ ጠርዝ ላይ «ፍትሕና ርኅራኄ» የሚል የላቲን ጽሑፍ ዙሪያውን ይሄዳል አለኝ። የእኔዎቹ ብርም ጽሑፍም የላቸውም። አያቶቻችን በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን የእንቁ ነጠብጣቦች ሳይቆጥሩ ጠገራ አይቀበሉም ነበር። እኔ መነጽር አድርጌ ጠርዙን እንኳ አላገላበጥኩም።

አስጎብኚው ዘንድ ደወልኩ። ያነሣል ብዬ አልጠበቅሁም፤ አነሣ። አልካደም፣ አልተቆጣም። በዚያው በታረመ አንደበቱ «ጋሼ፣ ጠገራ አልኩዎት እንጂ ብር ነው መቼ አልኩዎት?» አለኝና፣ ለሚቀጥለው ጉብኝት ቅናሽ እንደሚያደርግልኝ ነግሮኝ ዘጋው።

አንዱን ዋሽንግተን ላለችው እህቴ ልልክላት ነበር። እውነተኛ ጥንታዊ ቅርስ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣቱ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ያስጠይቀኝ ነበር። ቅርስ ያሉኝን ስገዛ ይህ ለአፍታ እንኳ ትዝ አላለኝም።

እንግዲህ ሐረር ሂዱ፤ ሙዚየሞቹን እዩ፤ ከተማዋ ምንም አላጠፋችም። ትንሽ ማግኔት ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ፤ ጠርዙን አገላብጡ። ስልካችሁ ላይ የመጣው ስም የሻጩ ካልሆነ ስልኩን ወደ ኪሳችሁ መልሱና ተነሡ። ቁጢውን ጠጥታችሁ የጨረሳችሁ ቢሆንም።